የተጠራ ባለሙያ
(በደብረ ብርሃን ከተማ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




አዘጋጅ ኮሚቴው በዚህ ስብሰባ ላይ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ የጠበቃችሁት ስለ ውሃ መሥመር ወይም ስለ ጉድጓድ ቁፋሮ እንድናገር ሳይሆን አይቀርም። እንጀራዬ እሱ ነውና። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው በውጭ አገር የኦርኬስትራ መሪነትና የሙዚቃ መምህርነት ሥራ ስለሚገኝበት መንገድ ነው። መሐንዲስ ስለ ኦርኬስትራ ምን አገባው የሚል ቢኖር አልቀየመውም፤ እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲያዳምጠኝ ብቻ እለምነዋለሁ።

ምክንያቴ ይህ ነው። ባለፉት ዓመታት የሙያ ጓደኞቼ ሁለትም ሦስትም ሆነው በተገናኙ ቁጥር፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነሣው ጨዋታ አንድ ነው፤ ቪዛ የሚያስገኝ፣ ስፖንሰር የሚሆን የውጭ አገር አሠሪ እንዴት ይገኛል የሚል ነው። ይህንኑ ጥያቄ በቤቴ ውስጥ ያነሣው ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱ መሐንዲስ ሳይሆን የሙዚቃ መምህር ነው። በእሱ ላይ የደረሰውን፣ ይልቁንም በእኔ ስንፍና የደረሰበትን፣ ዛሬ ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ነገሩ ለዚህ አገር አዲስ እንዳልሆነ ላሳያችሁ።

ከዚህ አዳራሽ ወጥተን የአንኮበርን መንገድ ብንይዝ፣ ከአርባ ኪሎ ሜትር ጥቂት አልፈን ከተራራው አፋፍ ላይ እንደርሳለን። ቁልቁል ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚያየው ያ አፋፍ ለረጅም ዘመን የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረ። በ1871 ዓ.ም. በዚያ ዳገት ላይ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው አንድ መሐንዲስ ወጣ። ስሙ አልፍሬድ ኢልግ ይባላል፤ ስዊስ ነው፤ የተማረውም በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አንድ መሐንዲስ እንዲፈለግላቸው በኤደን ይነግድ በነበረ የስዊስ ኩባንያ አማካይነት ጠይቀው ነበርና፣ ኢልግ ሁለት የአገሩን ባለእጆች አስከትሎ፣ ወራት በፈጀ ጉዞ፣ ከጠረፍ ተነሥቶ አንኮበር ገባ።

ንጉሡ መጀመሪያ ጫማ እንዲሠራላቸው አዘዙት፣ እሱም ሙያዬ አይደለም ብሎ ቢከራከር አልተቀበሉትም፣ ኋላም እንደ ምንም ሠርቶ አቀረበ ተብሎ ይነገራል። ታሪኩ የሚያስቅ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቁም ነገር አለበት። የጠራው ወገን ከማመኑ በፊት መዝኖታል። ተጠሪውም መመዘኑን አልጠላውም። ኢልግ አማርኛ ተማረ፤ ድልድይ ሠራ፤ ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አስገባ፤ በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ከተሰጣቸው ሰዎች አንዱ ሆነ፤ በመጨረሻም የንጉሠ ነገሥቱ የውጭ ጉዳይ አማካሪ ሆኖ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ በአገራችን ተቀመጠ። እንግዲህ በዛሬ ቋንቋ እንናገር ካልን፣ ስፖንሰር አድራጊው ንጉሥ ምኒልክ፣ ቪዛው የንጉሡ ቃል፣ የሥራው ቦታም አንኮበር ነበረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ኦርኬስትራው እመለሳለሁ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በዚያም በአርመን ገዳም ውስጥ ከዘር ጭፍጨፋ የተረፉ ወላጅ አልባ ወጣቶች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ አዩ። ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው አርባዎቹ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ በውል ተስማሙ። እነሱም በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በጳጉሜን ወር፣ አዲስ አበባ ገቡ። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም እስከ ዛሬ ቀርቶላቸዋል። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት የሕዝብ መዝሙር ዜማ የደረሰው እሱ ሲሆን፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው፤ መዝሙሩም እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ሲዘመር ኖሯል።

የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ኋላ መጣ። የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ መራ፤ በ1948 ዓ.ም. በተመረቀው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ቤት፣ ከኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ቀጥሎ ኦርኬስትራውን ያዘ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተማረ። ነርሲስ የራሱን አገር ዜማ ይዞ መጥቶ በላያችን አልጫነም። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን አጥንቶ፣ በነሐስ መሣሪያ በስምምነት እንዴት እንደሚቀናበሩ መንገድ አወጣ። የባሕር ማዶ ሰው ሆኖ ሳለ ስሙ ዛሬም የሚነሣው ስለዚህ ይመስለኛል። ደመወዙ ስንት እንደ ነበረ የሚያስታውስ የለም፤ ያስተማራቸውን ግን ሙዚቀኞች ይቆጥሯቸዋል።

ጉዞው ወደዚህ ብቻ አልነበረም፤ ከእኛም ዘንድ ተጠርተው የሄዱ አሉ። አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ ተመለሰ፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዲሬክተር ሆነ። በ1960 ዓ.ም. ግድም «እረኛው ዋሽንተኛ» የተባለውን ድርሰቱን የሀንጋሪ መንግሥት ኦርኬስትራ በራሱ መሪነት ተጫወተለት። ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሶ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ፤ በኒው ዮርክ ኩዊንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስ፣ በመጨረሻም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1990 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ ቢያንስ ሁለት ነገር ትቶ ነበር፤ በባሕር ማዶ መጻሕፍትና ተማሪዎች፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ያለ እሱም መማር ማስተማሩን የቀጠለ ትምህርት ቤት።

ክቡራትና ክቡራን፤

እነዚህን ሰዎች ያነሣሁት ለታሪክ ብቻ አይደለም። በአራቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ሥርዓት እናያለን። የሚፈልጋቸው ወገን ነበረ፤ ችሎታቸው ታይቷል፤ ሲሄዱም ወይም ሲያልፉ ከእነሱ የሚበልጥ ነገር ከኋላቸው ቀርቷል። ይህ ሥርዓት በጎደለበት ጊዜ ምን እንደሚደርስ ደግሞ ከቤቴ ልንገራችሁ።

ወንድሜ በዚህ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ክፍያ ሃያ ያህል ልጆች ይሰበስባል፤ ማሲንቆና ክራር፣ ዋሽንትና ሦስት ቫዮሊን ያላት ትንሽ ኦርኬስትራ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ማታ ደብዳቤ ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። ደብዳቤው ማኅተም አለው፤ በሩቅ አገር ያለ የሙዚቃ ተቋም «የኦርኬስትራ መሪና ዋና መምህር» አድርጎ እንደ መረጠው ይገልጻል፤ ደመወዙ በዶላር ተጽፏል፤ ቪዛውም «ሙሉ በሙሉ በስፖንሰር» ይላል። የቀረው ነገር ለጉዳይ ማስፈጸሚያ የሚሆን 140,000 ብር ለአገናኙ ሰው መክፈል ብቻ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ሳያዩኝ መረጡኝ» አለኝ በደስታ።

እኔም ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ልጠይቀው ይገባኝ የነበረው ይኸው «ሳያዩኝ» የሚለው ቃል ነበር፤ አልጠየቅሁትም። እናንተ እንደምታውቁት፣ ተቋራጭ የክፍያ ጥያቄ ሲያቀርብልኝ የተሠራውን ሥራ በሜትር ሳልለካ ፊርማዬን አላኖርም። የዋስትና ወረቀት ቢያመጣልኝ ባንኩ ድረስ ደውዬ አጣራለሁ። በዚያች ማታ ግን ተቋሙ በየትኛው ጎዳና እንዳለ፣ ኦርኬስትራው ስንት ሰው እንዳለው፣ የሥራው ሰዓት ስንት እንደሆነ የማይናገር አንድ ገጽ ወረቀት አንብቤ፣ ካጠራቀምሁት 80,000 ብር ሰጠሁት። የቀረውን አባታችን ሰጡ። አባታችን በአንኮበር አካባቢ ገብስ አራሽ ናቸው፤ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ሸጡ።

ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ለመድን የሚሆን ሌላ 50,000 ብር ተጠየቀ። ያን ጊዜ ደብዳቤውን እንደ መሐንዲስ፣ እንደ ጨረታ ሰነድ፣ ቁጭ ብዬ አነበብሁት። ሰነድ ሳይሆን ጌጥ ሆኖ አገኘሁት። ጥያቄ ስናበዛ ስልኩ ዝም አለ፤ እስከ ዛሬም ዝም እንዳለ ነው። አባታችንም እስከ ዛሬ የሚያርሱት ከጎረቤታቸው ጋር በመቀናጆ ነው።

ይህን የምናገረው ለማስተዛዘን አይደለም። በየስብሰባው ተቋራጭን የምንገስጽ እኛ፣ የራሳችን ጉዳይ ሲሆን የሙያችንን ሕግ ከበር ውጭ እንደምንተወው ለማሳየት ነው። ደግሞም በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደ እኔ ከፍለው አፍረው ዝም ያሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ።

ታዲያ እውነተኛው መንገድ የትኛው ነው? ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል፤ በየጊዜውም ይለወጣልና ሁልጊዜ ከየመንግሥታቱ መሥሪያ ቤት ማጣራት ያስፈልጋል። መሠረቱ ግን አንድ ነው፤ ማመልከቻውን የሚጀምረው አሠሪው ነው። በአሜሪካ በልዩ ችሎታ ለሚጠራ የኪነ ጥበብ ሰው የሚሰጠው ኦ-1 የሚባለው ቪዛ በአሠሪ ወይም በወኪል አመልካችነት እንጂ በራሱ በባለሙያው ጥያቄ አይገኝም። ኤች-1 ቢ የሚባለውንም የሚጠይቀው ቀጣሪው ዩኒቨርሲቲ ወይም ድርጅት ነው። በጄ-1 የመምህራን ልውውጥ ለመሄድ ደግሞ ዲግሪና ቢያንስ የሁለት ዓመት የማስተማር ልምድ ያስፈልጋል፤ ስፖንሰሩም ለዚሁ ሥራ በመንግሥት የታወቀ ድርጅት መሆን አለበት። በእንግሊዝ አገር የውጭ ሠራተኛ ለመቅጠር ፈቃድ ያላቸውን አሠሪዎች ስም መንግሥቱ ራሱ ለሕዝብ ያወጣል፤ ስሙ ከዝርዝሩ የሌለ አሠሪ ስፖንሰር ሊሆን አይችልም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ በአብዛኛው ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ነውና፣ አሠሪውን ሳያውቁ መፈረም ቤትንና እንጀራን በአንድ ገመድ ማሰር ነው።

የአገራችን ሕግም በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ጉዞን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለውን የራሱን ጉዳይ ነው። እንግዲህ ለቪዛና ለጉዞ ክፈል የሚል ሰው ሲመጣ፣ ሌላው ቢቀር ይህን አዋጅ ማስታወስ ይበቃ ነበር።

የወንድሜ ነገር ግን በዚያ አላበቃም። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ በውጭ አገር ላለ አንድ ትምህርት ቤት ራሱ አመለከተ። ይኸኛው መልስ የሰጠው በምርጫ ደብዳቤ ሳይሆን በጥያቄ ነበር። በመጀመሪያ የግማሽ ሰዓት ፊልም ጠየቁት፤ የዝግጅት ሳይሆን የልምምድ ፊልም። አንድ መሪ በዝግጅት ቀን እጁን ሲያወናጭፍ ማየት ስለ ችሎታው ብዙም አይናገርም፤ በልምምድ ጊዜ የቱ ላይ እንደሚያስቆም፣ የተሳሳተውን ልጅ ሳያሳፍር እንዴት እንደሚያርም ግን ይናገራል። ወንድሜም የቅዳሜ ልጆቹን ቀርጾ ላከ። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ዋሽንት ሦስት ጊዜ ትስታለች፤ ይህን ቆርጬ ላውጣው ቢለኝ፣ እንዲተወው መከርሁት። ቀጥሎ አብረውት የሠሩ የሁለት ሰዎችን ስም ጠየቁ፤ ሁለቱንም በስልክ አነጋገሯቸው። ከዚያ በኋላ እሱን ራሱን ሁለት ጊዜ አነጋገሩት። በመጨረሻ የመጣው ውል አሥራ አንድ ገጽ ነበር፤ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚያስተምር፣ የተማሪዎቹን ኦርኬስትራ በየትኞቹ ቀናት እንደሚመራ፣ ቤቱን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የቪዛውን ወጪ፣ ውሉ የሚፈርስበትንም ምክንያት ይዘረዝራል። ከትምህርት ቤቱ ጋር ወደሚሠራው መሥሪያ ቤት ደውለን አረጋገጥን፤ ሰነዶቹንም በሕጉ መሠረት አስመሰከርን።

ውሉን ይዘን ወደ አንኮበር ወረድን። አባታችን በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ፣

«ይኸኛውስ ስንት ብር ጠየቀ?» አሉ።

«ምንም አልጠየቀም፣ አባባ።»

«እንግዲያ ይኸኛው ፈልጎሃል» አሉ። ጥቂት ቆይተውም፣ «ልጆቹንስ ለማን ትተሃቸው ትሄዳለህ?» ብለው ጠየቁት።

ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ወንድሜ መልስ አልነበረውም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልነበረኝም። ከሁሉ ይልቅ ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ምክንያቱም በእኛ ሙያ መልሱ ሳይገኝ የሚደረግ ጉዞ ምን እንደሚያስከትል አይቻለሁ። በማውቀው አንድ ገጠር አንድ የውሃ ፓምፕ ለአምስት ወር ቆሞ ነበር። ብልሽቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የመሥመሩ ንድፍና የፓምፑ መዝገብ የነበሩት ወደ ውጭ አገር በሄደው ባልደረባችን የግል ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነበር። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ ለልጆቹ ሲል ሄደ፤ ያገኘው ሥራም የሚገባው ነው። ሆኖም በእነዚያ አምስት ወራት ሴቶችና ልጃገረዶች እንስራ ተሸክመው ወንዝ ወረዱ። የመሄድ መብት የእያንዳንዳችን ነው፤ የማስረከብ ግዴታም እንዲሁ።

ወንድሜ ለትምህርት ቤቱ ጽፎ የሥራው መጀመሪያ በአንድ መንፈቀ ዓመት እንዲገፋለት ጠየቀ። ዕድሉ ያመልጥሃል ብዬ ተቆጥቼው ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግን ምክንያቱን ሲሰማ ፈቀደለት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቫዮሊን ከሚጫወቱት ተማሪዎቹ ትልቋን ልምምዱን እንድትመራ አሠለጠናት፤ የዜማዎቹን ጽሑፍ በሙሉ በእጁ ገልብጦ ሰጣት። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች እሱ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እሷ ፊት ቆማ መራች። በሦስተኛው ቅዳሜ ሄደ። ልምምዱም በዚያው ቅዳሜ አልቀረም።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

ከዚህ ተነሥቼ ሁለት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማኅበራችን ሦስት አባላት ያሉት የውል አንባቢ ኮሚቴ ያቋቁም። ከውጭ አገር የሥራ ደብዳቤ የደረሰው አባል፣ አንዲት ብር ከመክፈሉ በፊት ደብዳቤውን ለኮሚቴው ያሳይ። ኮሚቴውም ስሙን ሳያወጣ አምስት ነገር ይመርምርለት፤ አሠሪው በአገሩ የታወቀና ፈቃድ ያለው ነውን? ችሎታህን በምን መዘነው? ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው? ሥራው፣ ሰዓቱና ደመወዙ በዝርዝር ተጽፏልን? ውሉ ቢፈርስ የመመለሻህ ነገር ምንድን ነው? ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በየዕለቱ በተቋራጭ ላይ የምናሳየውን ጥርጣሬ ለራሳችን ጥቅም ማዋል ነው።

ሁለተኛ፣ ከአገር የሚወጣ አባል ሁሉ ከመሄዱ በፊት ንድፉን፣ መዝገቡንና የሥራውን ምስጢር ለአንድ ታናሽ ባልደረባ በጽሑፍ እንዲያስረክብ፣ ርክክቡም በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥ ይወሰን። ኢልግ ወደ አንኮበር የመጣው ተጠርቶ ነው፤ ናልባንዲያኖችም እንዲሁ። ከእኛ መካከል ነገ የሚጠሩ ይኖራሉ፤ ይጠሩም። በሄዱበት ያከብሩን ዘንድ፣ በተውበት የሚጠይቃቸው የቆመ ፓምፕ አይኑር።

በመጨረሻም፣ ለመጀመሪያው ደብዳቤ የሰጠሁት ገንዘብ አይመለስም፤ ያንን ተቀብዬዋለሁ። ወንድሜ ግን ከመጀመሪያው የውጭ አገር ደመወዙ ላይ ቆርጦ ለአባታችን በሬ መግዣ ልኳል። እስከ መጪው መኸር ጥንዱ ይሟላል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።